በፈረሰው ቅጥር የቆሙ ሰዎች

እንግሊዞች «ቅጥሩ በፈረሰበት በኩል ገብቶ መቆም» የሚሉት አንድ የቆየ አነጋገር አላቸው። አመጣጡ ከጥንት የከተማ ጦርነት ነው። በዚያ ዘመን ከተማ ሁሉ በድንጋይ ቅጥር ይታጠር ስለ ነበረ፣ ከብቦ የሚዋጋው ጠላት ቅጥሩን በመድፍ እየደበደበ በአንድ ወገን ይንደዋል፤ በተናደውም በኩል ለመግባት ይሽቀዳደማል። ያን ጊዜ ከከተማው ሰዎች አንዱ ሮጦ በዚያ ክፍት ቦታ ላይ ካልቆመ ከተማው ያልቃል። የሚቆመው ሰው ማን እንደ ሾመው፣ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ ቦታው የማን ተራ እንደ ነበረ የሚጠይቀው የለም። ከዚህ የተነሣ ዛሬ እንግሊዞች ይህን ቃል ጦርነት በሌለበትም ይናገሩበታል። ኃላፊው በታጣበት ሰዓት ግዴታ ተሰምቶት የሌላውን ሸክም የሚያነሣውን ሰው ሁሉ በፈረሰው ቅጥር ቆመ ይሉታል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ22ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ስለ ምድሪቱ ቅጥርን የሚጠግንና በፈረሰው በኩል የሚቆም አንድ ሰው ፈልጎ እንዳላገኘ ይነግረናል። በዚያ ምዕራፍ የአለቆችም፣ የካህናቱም፣ የነቢያቱም፣ የሕዝቡም ጥፋት አንድ በአንድ ተቈጥሯል። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ኀዘን የጥፋተኞቹ መብዛት አይደለም፤ የሚቆም አንድ ሰው መታጣቱ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው በአገራችን ታሪክ ቅጥሩ በእርግጥ የፈረሰበትን አንድ ጊዜ አንሥተን፣ ማን ቆመ? እንዴትስ ቆመ? የሚለውን ከአንባቢዎቻችን ጋር ለመመርመር ነው።

ጽሑፉን የምናዘጋጀው በለገጣፎ ሆነን ነው። ለገጣፎ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ስሟም ከወንዝዋ የመጣ ነው። ከእርስዋ ጋር በሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በምዕራብ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ ሰበታ ዋና ከተማችንን እንደ አጥር ዙሪያዋን ይዘዋታል። በ2015 ዓመተ ምሕረት አራቱም ከሌሎች ከተሞች ጋር ሸገር በሚባል በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። በየማለዳው ከእነዚህ ከተሞች ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚጓዘው ሠራተኛ ብዛት ያለው ነው፤ እኛም ከዚያው መካከል ነን። በአውቶቡስ መስኮት ስንመለከት የምናየው መኖሪያ ቤትና ሱቅ ነው፤ ነገር ግን እነዚህ መንገዶች በ1928 ዓመተ ምሕረት ያዩትን ነገር ማሰብ ይገባናል።

በዚያ ዓመት የሰሜን ጦራችን በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ፣ ማርሻል ባዶሊዮ ከሺህ በላይ የሚሆኑ ካሚዮኖችን አሰልፎ ከደሴ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ዋና ከተማው ገሠገሠ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መማክርቶቻቸውን ሰብስበው ከተማከሩ በኋላ፣ አቤቱታቸውን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማቅረብ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። የጠላት ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መሄድ በዚያን ጊዜም በኋላም ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ በምክሩ ላይ ከነበሩት አንዳንዶች፣ እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉት፣ መሄዱን አጥብቀው ተቃውመዋል። ይህን ክርክር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኛ የምንመለከተው በሚያዝያ 24ና በ27 መካከል ያሉትን ቀኖች፣ ከዚያም ቀጥሎ የመጣውን ክረምት ነው።

በእነዚያ ቀኖች አዲስ አበባ ጌታ አልነበራትም። ምን ሆነ ቢሉ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ወገን ወገኑን ዘረፈ፤ የውጭ አገር ሰዎችም ነፍሳቸውን ለማዳን ወደየሌጋሲዮኑ ተሸሸጉ። ይህን ማስታወስ ደስ አያሰኝም፤ ሆኖም ታሪክን ለመመስገኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ከታሪክ አይማርም። የፈረሰ ቅጥር ለሁሉ ክፍት ነው። በዚያ በኩል ሊከላከል የሚገባ አለ፤ ሊዘርፍ የሚገባም አለ። ሁለቱም «ባለቤት የለም» የሚለውን አንድ ነገር አይተዋል። አንደኛው «ባለቤት ከሌለ ማን ያየኛል» አለ፤ ሁለተኛው «ባለቤት ከሌለ እኔ አለሁ» አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌ የፊተኛውን ሰው የሚያጽናና ነው፤ የኋለኛውን ሰው ግን አያውቀውም።

ከኋለኞቹ መካከል አንዱ ባላምባራስ አበበ አረጋይ ናቸው። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ማዕርጋቸው ከታላላቆቹ መኳንንት ማዕርግ ጋር ሲወዳደር ዝቅ ያለ ነው፤ ታላላቆቹ ግን አንዳንዱ ሞቶ፣ አንዳንዱ ተሰድዶ፣ አንዳንዱም ለጠላት አድሮ ነበር። አበበ ከተማውን ለቀው ዱር ገቡ፤ አምስት ዓመት ሙሉም በሸዋ ምድር ሳይገዙ ቈዩ። የፖሊስ አዛዥ ሥራው ከተማ መጠበቅ ነው። ከተማው ሲያዝ ሥራው አብሮ አብቅቷል ቢሉ የሚወቅሳቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን ግዴታው ከቢሮው ጋር አልቀረም አሉ።

ከቡራዩ ወደ ምዕራብ መንገዱን ተከትለን ስንሄድ ሆለታን እናገኛለን። በዚያ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1927 ዓመተ ምሕረት በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ተማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ትምህርታቸውንም ገና አልጨረሱም። ጦርነቱ ሲደርስ ወደ ጣርማ በር ተልከው የደሴውን መንገድ እንዲዘጉ ታዘዙ፤ ነገር ግን የተሰበሰበው ጦር ተበትኖ ሐሳቡ አልተፈጸመም። እንግዲህ የአንድ ወጣት ተማሪ ግዴታ በዚህ ቦታ ያለቀ ይመስላል፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ አዛዡ ሄዷል፤ ትእዛዙ ፈርሷል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን ወደ ወለጋ ተጉዘው፣ በውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር በነቀምት ተገናኙና «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀ መንበሩ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የሰው ልጅ ሐኪም እንኳ ያልሆነ፣ የከብት ሐኪም፣ የጦር ማኅበር መሪ ሆነ፤ የሚሻለው በሌለበት ጊዜ ያለው ሰው ነውና።

በሰኔ ወር 1928 ዓመተ ምሕረት ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በነቀምት አጠገብ በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። በውስጣቸው የአየር ኃይል ጄኔራል የነበረው ማልዮኮና ሌሎች መኮንኖች ነበሩበት፤ የመጡትም የአካባቢውን መኳንንት አባብለው ወለጋን ያለ ውጊያ ለመያዝ ነው። የሆለታ ወጣቶች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከመጡትም ውስጥ አንድ ቄስ ብቻ ተረፈ። ኢጣሊያ «አገሩን ጨርሼ ይዣለሁ» ብላ ለዓለም ባወጀች በሁለት ወር ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው ይናገሩ ነበር።

በእኛ አስተያየት ግን ከቦናያው እሳት ይልቅ የሚያስደንቀው የጥቁር አንበሳ ሕግ ነው። እነዚያ ወጣቶች መሣሪያ በእጃቸው፣ መንግሥት በሌለበት አገር ውስጥ ሳሉ፣ ራሳቸውን የሚያስር ደንብ ጻፉ። የጦሩ ሥራ ከፖለቲካው አመራር በታች እንዲሆን፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ የተማረከም ጠላት በሰብአዊነት እንዲያዝ ደነገጉ። መሪያቸውም ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ አድርገው የተዉአቸው ልዑል ራስ እምሩ እንዲሆኑ ለመኑ። በፈረሰው ቅጥር የቆመን ሰው ከዘራፊው የምንለይበት ትልቁ ምልክት ይህ ነው። ዘራፊ ሕግ በሌለበት ቦታ ይሰፋል፤ ግዴታ የተሰማው ሰው ግን ሕግ በሌለበት ቦታ ለራሱ ሕግ ያወጣል። ቦታው የእርሱ አለመሆኑን ስለሚያውቅ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ የአደራ ጠባቂ ሆኖ ይቆማል።

አሁን ወደ ዋና ከተማው ዙሪያ እንመለስ። በዚያው ክረምት አርበኞች አዲስ አበባን በአንድ ጊዜ ከየአቅጣጫው ለመምታት መከሩ። ከሰላሌ የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ፣ ከምሥራቅ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፣ ከደቡብ ምዕራብ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እንዲገቡ ታሰበ። ከሰላሌ ለሚመጣ ሰው ሱሉልታ ከእንጦጦ በፊት ያለች የመጨረሻዋ ሜዳ ናት፤ ሰበታም የደቡብ ምዕራቡ መግቢያ ናት፤ የለገጣፎ ወገን የምሥራቁ በር ነው። ዛሬ በየማለዳው የምንመላለስባቸው መንገዶች ያን ጊዜ የዚህ ምክር መስመሮች ነበሩ።

ከእነዚህ ሰዎች መካከል የደጃዝማች ባልቻን ነገር ለይተን ማንሣት እንወዳለን። ባልቻ በአድዋ በመድፍ ተኳሽነት ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። በ1920 ዓመተ ምሕረት ግን ከራስ ተፈሪ ጋር ተጣልተው፣ ጦራቸው ተበትኖ፣ የሲዳሞ ግዛታቸው ተወስዶ፣ በመጨረሻ ወደ ገዳም ገብተው ነበር። ጠላት ሲመጣ ሽማግሌ ነበሩ። ከቤተ መንግሥቱ ጋር ቂም ነበራቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ «እኔን የሻረኝ መንግሥት ራሱን ያድን» ቢሉም ሰው ይረዳላቸው ነበር። ሽማግሌው ግን ከገዳም ወጥተው ጠመንጃ አነሡ፤ በ1929 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያም ከጠላት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ለአገር የሚከፈል ዕዳ ከመንግሥት ጋር ካለ ሒሳብ ጋር እንደማይቻቻል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ እኛ አናውቅም።

ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ጥቃቱ ተጀመረ። የሰላሌው ጦር ወደ ከተማው ዘልቆ ገባ፤ ጠላትም በገዛ ምሽጉ ውስጥ ተደናገጠ። ነገር ግን ጊዜው ክረምት ነው፤ ወንዞች ሞልተዋል፤ ከአንዱ ጦር ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርስ ሬዲዮ የለም። አንዱ ሲገባ ሌላው አልደረሰም። ጠላት መትረየስና አውሮፕላን ነበረው፤ ስለዚህ የገባውን ጦር ለይቶ መታው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ያን ቀን ድሩ የነበረ ሲሆን አንድ ላይ ለመፈተል ግን አልተቻለም።

ከዚህ ጦር ጋር አንድ ጳጳስ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ በሰላሌ በፍቼ አገር የተወለዱ፣ በ1921 ዓመተ ምሕረት በግብፅ ጵጵስና ከተቀቡት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ጥቃቱ ሳይሳካ ሲቀር በጠላት እጅ ወደቁ። ጠላት የጠየቃቸው ብዙ አልነበረም፤ አርበኞችን አውግዘው ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲያስተምሩ ብቻ ነው። እምቢ አሉ፤ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ምድሪቱን ጭምር ለጠላት እንዳትገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ። ጳጳስ በጥይት ፊት ለመቆም አይሾምም፤ ቤተ ክርስቲያን መጠበቅ ሥራው ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን በአዲስ አበባ «አይሆንም» የሚል ድምፅ ከሌላ ሥልጣን የሚመጣ አልነበረም፤ ስለዚህ ከእርሳቸው መጣ። ሐውልታቸው በ2005 ዓመተ ምሕረት ለባቡር ሐዲድ ሥራ ከቦታው ተነሥቶ፣ በ2008 ዓመተ ምሕረት ተመልሶ ቆሟል።

ደጃዝማች አበራና አስፋ ወሰን እንዲገቡ ደጋግሞ ምሕረት ተሰበከላቸው፤ በተሰጣቸውም ቃል ታምነው በገቡ ጊዜ ታኅሣሥ 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በፍቼ ተገደሉ። ሦስተኛው ወንድማቸው ወንድወሰን ካሣም ከጥቂት ቀን በፊት በላስታ ተገድለው ነበር። አባታቸው ራስ ካሣ ያን ጊዜ በስደት ላይ ናቸው። የአበራ ባለቤት የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ኀዘን ተቀምጠው አልቀሩም፤ የባላቸውን ጦር ሰብስበው በሸዋ ተዋጉ። ልዑል ራስ እምሩም በዚያው ወር በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከብበው እጃቸውን ሰጡና ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በኋላ በተደረገው እልቂት ደግሞ ከሆለታ ወጣቶችና ከተማሩት የአገር ልጆች እጅግ ብዙዎቹ ተገደሉ።

እንግዲህ አንድ አንባቢ «ታዲያ ምን ተጠቀሙ? ጥቃቱ አልተሳካም፤ ማኅበሩ ተበተነ፤ ሰዎቹም ሞቱ» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ተገቢ ነው። ለዚህ የምንመልሰው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጠላት ክረምቱን ከዋና ከተማው ምሽግ ሳይወጣ በሥጋት አሳለፈ፤ አገሩንም አምስት ዓመት ሙሉ በሰላም አልገዛም። አበበ አረጋይን የመሰሉ አርበኞች በዱር ቈይተው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የተቀበላቸው አገር ባዶ አልነበረም። ሁለተኛው መልስ ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በፈረሰው ቅጥር የሚቆም ሰው እንደሚያሸንፍ ዋስትና አይሰጠውም፤ የሚያውቀው እርሱ ባይቆም ምን እንደሚሆን ብቻ ነው። የሐምሌው ጥቃት ባይደረግ ኖሮ አዲስ አበባ ከሚያዝያ እስከ ሚያዝያ ዝም ብላ ተያዘች ተብሎ ይጻፍ ነበር። ይህ እንዳይጻፍ ያደረጉት እነርሱ ናቸው።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የፈረሰው ቅጥር በሌላ መልክ ታየ። በ1934 ዓመተ ምሕረት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1935 ዓመተ ምሕረት የየሚኒስቴሩ ሥልጣንና ተግባር በትእዛዝ ተወሰነ። ወንበሩ ተዘጋጀ፤ በወንበሩ ሊቀመጡ ይገባቸው ከነበሩት ወጣቶች ግን ብዙዎቹ በመቃብር ነበሩ። የተረፉት የሌላውንም ድርሻ ጨምረው ሠሩ። ከጥቁር አንበሳ ማኅበር የነበሩት አቶ ይልማ ዴሬሳ ከግዞት ተመልሰው የገንዘብ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሱ። ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በኢጣሊያ ታስረው የነበሩት ሐዲስ ዓለማየሁም መንግሥታቸውን በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም በ1958 ዓመተ ምሕረት አበረከቱልን። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች የተቀመጥንበት ወንበር እንዴት እንደ ቆመ ስንጠየቅ ይህን መመለስ ይገባናል።

ከዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ስብከት ብቻ ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምንሠራበት ክፍል አንዲት አሮጊት እናት በዝናብ ከሩቅ መጥተው የአንድ ጉዳይ መልስ ጠየቁን። ጉዳዩን የያዘው ባልደረባችን አልነበረም። መዝገቡ ግን ከፊታችን በመደርደሪያው ላይ ነበር፤ አንሥቶ ማየት የሚከለክል ደንብም አልነበረም። «ኃላፊው የሉም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» አልናቸው። እርሳቸውም «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። በሳምንቱ አልመጡም። መዝገቡን በኋላ ስንገልጠው ጉዳያቸው አስቀድሞ ተወስኖላቸው፣ ደብዳቤውን መስጠት ብቻ ቀርቶ አገኘነው። ያን ቀን ቅጥሩ የፈረሰው በአንድ ጠረጴዛ ስፋት ነበር፤ በዚያም ስፋት የሚቆም ሰው አልተገኘም።

መቸም ማንም ሰው በየዕለቱ ባልቻ ሳፎን ወይም አቡነ ጴጥሮስን እንዲሆን አይጠየቅም። የሌላውን ሥልጣን በየምክንያቱ መንጠቅም ግዴታን መወጣት አይደለም፤ የጥቁር አንበሳ ሕግ ያስተማረን ይህንኑ ነው። የሚጠየቀው ከዚህ ያነሰ ነው። በሕግ የተፈቀደልንን፣ በእጃችን ያለውን፣ ተራው የሌላ ስለ ሆነ ብቻ የምንተወውን ሥራ አንሥቶ መሥራት ነው። ያ የሆለታ ተማሪ ትእዛዝ ሰጪው ከጠፋ በኋላ የሠራውን፣ እኛ ትእዛዝ ሰጪው በምሳ ሰዓት ሲጠፋ እንኳ ካልሠራን፣ በየዓመቱ በሐውልቱ ሥር የምናስቀምጠው የአበባ ጉንጉን ምን ይመሰክርልናል?

ማታ ወደ ለገጣፎ ስንመለስ ከደሴ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች መብራታቸውን አብርተው በተራ ይወርዳሉ። በሚያዝያ 1928 ዓመተ ምሕረትም ተሽከርካሪዎች ከዚያው ከደሴ መንገድ በተራ ወርደው ነበር። የዛሬዎቹ እህልና ሲሚንቶ ጭነዋል፤ ማንም አይፈራቸውም። መንገዱን ፍርሃት የሌለበት መንገድ አድርገው ያወረሱን ሰዎች አብዛኞቹ ተራው የእነርሱ አልነበረም። ነገ ጠዋት ቢሯችን ስንገባ የመጀመሪያው ባለጉዳይ የሌላ ሰው ባለጉዳይ ሆኖ ቢገኝ፣ ይህን አስበን መዝገቡን እናንሣለት።